በመዝገብ ያለው ቤትና በመንገዱ ዳር የቆመው ቤት፦ በሲሲሊ አሮጌ ቤት ገዝቶ ስለማደስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ባለፈው ነሐሴ በሲሲሊ ደሴት፣ በአግሪጄንቶ አውራጃ ውስጥ በምትገኝ የኮረብታ ከተማ፣ 120 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባለ ሦስት ደረጃ የድንጋይ ቤት በ28 ሺህ ዩሮ ለሽያጭ ቀርቦ አይተዋል። ደላላው «ወረቀቱ ሙሉ ነው» ብሏቸዋል፤ እርሱ ያመጣው ግንበኛ ደግሞ የምድር ቤቱን እርጥበት በሲሚንቶ ልስን ዘግቶ፣ የላይኛውን የእንጨት ወለል በአርማታ ተክቶ፣ ቤቱን በ45 ቀን እንደሚያስረክብ ነግሯቸዋል። ጠያቂዋ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካለው ወንድማቸው ጋር በጋራ ለመግዛት ያስባሉ። ቀብዱን አሁን ይክፈሉ ወይስ ይቆዩ፣ እድሳቱን ከየት ይጀምሩ፣ ከሩቅ ሆነው ማሠራትስ ይቻላቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እመቤቴ፣ ቀብዱን አሁን አይክፈሉ። ቤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የነገሩኝ ዋጋም ለዚያ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በጣሊያን አንድ አሮጌ ቤት ሁለት ጊዜ አለ፦ አንዴ በድንጋይና በእንጨት በመንገዱ ዳር፣ ሌላ ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱና ካታስቶ በሚባለው የይዞታ መዝገብ ውስጥ። የእድሳት ፈቃድ የሚሰጠው ሁለቱ ቤቶች ሲመሳሰሉ ነው። በዚህ ደሴት በመሐንዲስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከውጭ የመጡ ባለቤቶችን ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ ያየሁት ከተሰነጠቀ ግድግዳ ይልቅ የሁለቱ አለመመሳሰል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪዎ ለግንበኛው ሳይሆን የቤቱን መዝገብ መርምሮ ከቤቱ ጋር ለሚያስተያይ ባለሙያ ይሁን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከወረቀቱ በፊት ግን የወንድምዎን ነገር እናንሣ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና። የጣሊያን ሕግ ለውጭ አገር ሰው የንብረት መብት የሚሰጠው የዚያ ሰው አገር ለጣሊያናዊ ተመሳሳይ መብት የሚሰጥ ከሆነ ነው፤ ይህ መርህ ከ1942ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ጋር በወጡት የመግቢያ ድንጋጌዎች አንቀጽ 16 ላይ ሰፍሯል። ለአሜሪካ ዜጋ ችግር የለውም፤ ሁለቱ አገሮች በ1948 የተፈራረሙት የወዳጅነት፣ የንግድና የባሕር ጉዞ ውል አለ። የኢትዮጵያ ዜጋ ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 390 የውጭ ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ደረጃ ይከለክል ነበር፤ ይህን የሚያላላ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወንድምዎ በጣሊያን በሥራ ወይም በቤተሰብ ምክንያት የተሰጠ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር፣ ኖታዮው (ውሉን የሚያጸድቀው የመንግሥት ሥልጣን ያለው ባለሙያ) ጉዳዩን በጣሊያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ሳያጣራ ስሙን በውሉ ላይ አያስገባም። የእኔ ምክር ቤቱን በእርስዎ ስም ብቻ ገዝተው የወንድምዎን ድርሻ በመካከላችሁ በሚደረግ የብድር ውል እንድታስተካክሉ ነው። በዚያው እግረ መንገድ፣ ቤት መግዛት የመኖር መብት እንደማይሰጥ ይወቁት፤ በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ የሚቆዩት በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ይህ የሥራውን የጊዜ ሰሌዳም ይወስነዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ። የሚቀጥሩት ሰው ጆሜትራ (የቤት ልኬትና የግንባታ ወረቀት ባለሙያ)፣ አርክቴክት ወይም መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ከደላላውም ከሻጩም ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ባለሙያ የካታስቶውን ፕላን ያወጣል፣ በማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ለቤቱ የተሰጡ ፈቃዶችን ሁሉ ይፈልጋል፣ ከዚያም ሜትር ይዞ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ ሦስቱን ያስተያያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእርስዎ ቤት ብዙም በማይለይ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ልንገርዎ። የካታስቶው ፕላን በ1940 የተሣለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ አንድ ወረቀት ነበር። በፕላኑ ላይ ምድር ቤቱ «ስታላ» ተብሎ ተጽፏል፤ የበቅሎ ጋጣ ማለት ነው። በቦታው ስንሄድ በቅሎዋ የምትታሰርበት የብረት ቀለበት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ሻጩ ግን ክፍሉን «ሳሎን» ብሎ ነበር ያስጎበኘን። በሰገነቱ ላይ ደግሞ በፕላኑ የሌለ መታጠቢያ ቤት ተቀምጧል፤ ብሎኬቱና የቧንቧው ዓይነት ከ1970ዎቹ በፊት ሊሠራ እንደማይችል በግልጽ ይመሰክራሉ። ደላላው በዚያም ቤት «ወረቀቱ ሙሉ ነው» ብሎ ነበር፤ ወረቀቱም በእርግጥ ሙሉ ነበር፣ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ቤት ነው።

ዓመቱ ለምን ወሳኝ ሆነ ብትሉ፣ በጣሊያን በመላው የማዘጋጃ ቤት ክልል ያለ ፈቃድ መገንባት የተከለከለው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1967 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ስለሆነ ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ግን የፈቃድ ግዴታው ከ1942 ጀምሮ ነበር። ብዙ ደላላዎች «ከ67 በፊት የተሠራ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ጠበል ይረጩታል፤ የከተማ መሀል ቤት በሆነ ጊዜ ያ ብቻውን አያድንም፣ ከ67 በኋላ የተጨመረውን ክፍልም አያጸዳም። መንግሥት በ1985፣ በ1994 እና በ2003 የምሕረት ሕጎች አውጥቶ ሕገ ወጥ ግንባታዎችን በቅጣት ሕጋዊ ያደረገ ሲሆን፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ማመልከቻቸው ተከፍቶ ውሳኔ ሳያገኝ የቀረ ማኅደሮች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ሻጩ «ምሕረት ተጠይቆበታል» ካለ፣ ተጠየቀ እንጂ ተፈቀደ እንዳላለ ልብ ይበሉ። በ2024 የወጣው ሕግ አነስተኛ የልኬት ልዩነቶችን በመቶኛ ወስኖ ታጋሽ ሆኗል፤ 60 ካሬ ሜትር ለማይሞላ ቤት እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ሰገነት ላይ የተተከለ መታጠቢያ ቤት ግን በዚህ ቀዳዳ አያልፍም። ጋጣውን መኝታ ቤት ማድረግም የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቃል፤ ለመኖሪያ ክፍል በመደበኛነት የሚፈለገው ከፍታ 2.70 ሜትር መሆኑን ዛሬውኑ ያስለኩ።

የባለቤትነቱ ጉዳይም በጥንቃቄ ይታይ። የሲሲሊ የኮረብታ ከተሞች ሰዎች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ጀርመን ሲፈልሱ ቤቶቹ ሳይከፋፈሉ ለልጅ ልጆች ወርደዋል፤ አንዱ ቤት ሰባትና ስምንት ወራሽ ሊኖረው ይችላል፣ ግማሾቹም የት እንዳሉ አይታወቅም። አንድ ወራሽ 20 ዓመት ይዤዋለሁ በሚል ብቻ ሊሸጥልዎ ቢነሣ፣ ይዞታው በፍርድ ቤት ወይም በሕጋዊ ስምምነት ካልጸደቀ አይቀበሉ። ይህን ሁሉ ኖታዮው ያጣራል፤ የቤቱን ቴክኒካዊ ይዘት ግን በቦታው ተገኝቶ አይመረምርም፤ ብዙ ሰው ግን ሁሉን ያየልኛል ብሎ ይተማመናል።

ምርመራው ሲያልቅ ኮምፕሮሜሶ የሚባለውን ቅድመ ውል ይፈርማሉ። የእነርሱ ካፓራ እንደ እኛው ቀብድ ነው፦ ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት አይርሱ፤ ቤቱ ከመዝገቡ ጋር ካልተመሳሰለ ሻጩ በራሱ ወጪ እስኪያስተካክል ሽያጩ እንደማይፈጸም፣ ካላስተካከለም ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ የሚገልጽ። ለሁለተኛ መኖሪያነት ከግለሰብ ሲገዙ የሚከፍሉት ግብር 9 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን ይህ እንዲሆንልዎ በውሉ ላይ ከጠየቁ ከሽያጩ ዋጋ ሳይሆን ከካታስቶው ግምት ነው። ለምሳሌ የቤቱ የካታስቶ ገቢ (መዝገቡ ለግብር ስሌት ለቤቱ የሰጠው የገቢ ግምት) 200 ዩሮ ቢሆን፣ በ126 ተባዝቶ 25,200 ዩሮ ይሆናል፣ ግብሩም 2,268 ዩሮ ነው፤ በዚህ ላይ ሁለት የ50 ዩሮ ክፍያዎች ይጨመራሉ።

አሁን ግንበኛው ያለውን እንመልከት። የምድር ቤቱን እርጥበት በሲሚንቶ መዝጋት በሲሲሊ ቤቶች ላይ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ በጣም የተለመደውና ለማረም በጣም ውድ የሆነው ነው። ግድግዳው 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሁለት ፊት የድንጋይ ግንብ ሆኖ መሀሉ በፍርስራሽና በጭቃ የተሞላ ነው። መሠረቱ ውኃ መከላከያ የለውም፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ወደ አየር እየተነፈሰ ቤቱ ለዘመናት ደህና ኖሯል። ሲሚንቶ ሲለሰን መተንፈሻው ይዘጋል፣ ውኃውም መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እርጥበቱ ከጉልበት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ራስ ይደርሳል፣ ከልስኑ በላይ ባለው መስመር ላይም ጨው እንደ ነጭ ሻጋታ ያብባል። የጎንደርን ግንቦች ያዩ ሰው ኖራ ምን ያህል ዘመን እንደሚሸከም አያጠራጥረውም፤ እዚህም ምላሹ ኖራ ነው። ውኃው መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፦ የተሰበረ አሸንዳ፣ የሚያፈስ የፍሳሽ ቱቦ፣ ወይም መንገዱ በተደጋጋሚ ተነጥፎ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ከተዘጋ በኋላ አሮጌው የሲሚንቶ ልስን ይፈቀፈቅ፣ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ይድረቅ፣ ከዚያ በተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (በውኃ በሚጠነክር ኖራ) ይለሰን። 45 ቀን ማለት ይህን ደረጃ መዝለል ማለት ነው።

በእርስዎ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአግሪጄንቶና የካልታኒሴታ ኮረብታዎች ብዙ ጂፕሰም (ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ) ስላላቸው የድሮ ግንበኞች ድንጋዩን የሚያያይዙት በኖራ ብቻ ሳይሆን በጄሶም ነበር። ጄሶ እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ማዕድን እየበዛና እያበጠ ስለሚሄድ ግድግዳውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ለማጠናከር ተብሎ በግድግዳ ውስጥ ሲሚንቶ የሚወጋበት ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆዱ ሲያብጥ ይታያል። እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ ልትሞክሩት የምትችሉት ፈተና አለ። በሁለት ድንጋይ መካከል ካለው ማያያዣ ትንሽ ቆንጥረው አውጥተው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት፤ ቢፈላ ኖራ አለበት፣ ዝም ቢል እና በጥፍር በቀላሉ የሚፋቅ ቢሆን ጄሶ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ይህ የቤተ ሙከራን ውጤት አይተካም፣ ነገር ግን የሲሚንቶ ከረጢት ይዞ የመጣን ግንበኛ በር ላይ ለማስቆም ይበቃል።

የእንጨቱን ወለል በአርማታ መተካትም እንደዚያው ነው፤ እዚህ ላይ የምድር መንቀጥቀጥ ይመጣል። በጃንዋሪ 1968፣ ከ14 ለ15 አጥቢያ፣ የቤሊቼ ሸለቆ ተንቀጥቅጦ ጂቤሊናን፣ ፖጆሬያሌን፣ ሳላፓሩታንና ሞንቴቫጎን አፈረሰ፤ የእርስዎ ከተማ ከዚያ ሸለቆ ሩቅ አይደለችም። ከዚያ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ለጥንካሬ ብለው ከባድ የአርማታ ጣሪያ በደካማ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አሳረፉ። በ1997 በኡምብሪያ የደረሰው መንቀጥቀጥ ያ ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፍቶ እንደሚጥለው አሳየ። ዛሬ የምንመርጠው የተበላሹትን የእንጨት ተሸካሚዎች ብቻ ቀይሮ፣ በላያቸው ቀላል የሳንቃ ወለል አያይዞ፣ ተቃራኒ ግድግዳዎችን ካቴና በሚባለው የብረት ዘንግ ማሰር ነው፤ በመንገድ ላይ ስትሄዱ በአሮጌ ቤቶች ፊት ላይ የምታዩት የብረት መስቀል ወይም ሳህን የዚያ ዘንግ ጫፍ ነው። ተሸካሚ አካል የሚነካ ሥራ ሁሉ የመሐንዲስ ስሌት ተሠርቶለት ጄኒዮ ቺቪሌ ለሚባለው መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀርበውም ቺላ የተባለው ቀላሉ ማስታወቂያ ሳይሆን ሺያ የተባለው ነው። ግንበኛው «ቺላ ይበቃል» ካለ፣ ተሸካሚ አካል አልነካም ማለቱ ነው፤ አርማታውን ደግሞ ቃል ገብቷል፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ቤቱ በታሪካዊ ቅርስነት ከተመዘገበ ወይም በተጠበቀ አካባቢ ካለ፣ በሲሲሊ ሥልጣኑ የሮም ሳይሆን የክልሉ የሆነው ሶፕሪንቴንዴንሳ የሚባለው የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የመስኮቱ ቀለምና የክዳኑ ሸክላ ሳይቀር በእርሱ ይወሰናል።

ሰገነቱ ላይ ያለውን የውኃ ማጠራቀሚያም ይመልከቱ። በዚያ አውራጃ ውኃ በየቀኑ አይመጣም፣ በተለይ የ2024ቱ ድርቅ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነበር፤ ስለዚህ እንደ አዲስ አበባው ሮቶ ያለ ታንከር ግዴታ ነው። ነባሩ ታንከር ግራጫና ሸካራ ከሆነ አስቤስቶስ ያለበት ኤተርኒት ሳይሆን አይቀርም። ጣሊያን በ1992 ከልክላዋለች፣ ማንሣትም የሚችለው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው፤ ግንበኛው በመዶሻ ሰባብሮ በከረጢት እንዲያወርደው አይፍቀዱ። አዲሱ የ1,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ በወለሉ መሀል ሳይሆን በተሸካሚው ግድግዳ አናት ላይ ይቀመጥ።

ከሩቅ ሆነው ማሠራት ይቻላል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ሥራውን የሚመራውና ሥራውን የሚሠራው አንድ ሰው እንዳይሆኑ። ዲሬቶሬ ዴይ ላቮሪ የሚባለው ተቆጣጣሪ ደመወዙን ከእርስዎ ይቀበል። እርሱ ኮምፑቶ ሜትሪኮ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥራ በሜትርና በነጠላ ዋጋ የሚዘረዝር ሰነድ ያዘጋጅ፣ ሦስት ሥራ ተቋራጮችም በዚያው ሰነድ ላይ ዋጋ ይስጡ፤ አለዚያ የሚያወዳድሩት ወሬን ከወሬ ጋር ነው። ክፍያው በተለካ ሥራ ልክ፣ ተቆጣጣሪው ከፈረመ በኋላ፣ በባንክ ይሁን፤ በጥሬ ገንዘብ ቅናሽ የሚሰጥዎትን ሰው ያመስግኑትና ይሸኙት። ተቋራጩ የሠራተኞቹን መዋጮ መክፈሉን የሚያሳየውን ዱርክ የተባለ ማረጋገጫ ሳያዩ አያስጀምሩ። ከአንድ በላይ ድርጅት በቦታው የሚሠራ ከሆነ ሕጉ የደኅንነት አስተባባሪ እንዲሾም ያስገድዳል፤ ይህ ሳይሆን ሠራተኛ ቢጎዳ ሜሪላንድ የተቀመጡት ባለቤትም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ከባድ ጉድለት ቢወጣ ተቋራጩ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ነው፣ ነገር ግን ጉድለቱን ባወቁ በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት።

ከግንበኛው ጋር ስትነጋገሩ የእኛ የግንባታ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ መሆኑ ይረዳዎታል፤ ጄሶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ቡሎን፣ ስቱኮ ሲል ያለ አስተርጓሚ ይገባዎታል። ሁለት ቃላት ግን ያሳስታሉ። «ኮርኒቼ» ሲል ክፈፍ ማለቱ ነው፣ እኛ ኮርኒስ የምንለውን እነርሱ «ሶፊቶ» ይሉታል። «ካርታ» ሲልም የይዞታ ማረጋገጫ አለ ማለቱ አይደለም፤ ለእነርሱ ካርታ ማንኛውም ወረቀት ነው።

ስለ ወጪ የምለው ከራሴ ሥራ የተነሣ ግምት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት መዋቅሩን፣ ክዳኑን፣ ኤሌክትሪኩንና ቧንቧውን ጨምሮ ለመኖሪያ ለማብቃት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ900 እስከ 1,200 ዩሮ ያስቡ፤ ለ120 ካሬ ሜትር ከ100 ሺህ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለእድሳት ሥራ የሚጠየቀው የተጨማሪ እሴት ታክስ በአብዛኛው 10 በመቶ ነው። ደላላው «መንግሥት ግማሹን ይመልሳል» ካለዎት፣ ያ ጥቅም በ10 ዓመት ውስጥ ከጣሊያን የገቢ ግብር ላይ የሚቀነስ ነው፤ በጣሊያን ገቢ የሌለው ሰው የሚቀነስለት ነገር የለውም። ጥቅሙን ለባንክ ወይም ለተቋራጭ ማስተላለፍ የሚቻልበት መንገድም በ2023 ለአዲስ ሥራዎች ተዘግቷል።

ከተሞች በስም ብቻ በሆነ ዋጋ የሚያቀርቧቸውን የአንድ ዩሮ ቤቶችም እንደ አማራጭ ጠቅሰው ነበር። በዚያው አውራጃ ያለችው የሳምቡካ ከተማ በ2019 በአንድ ዩሮ፣ በ2021 በሁለት፣ በ2024 በሦስት ዩሮ መነሻ ጨረታ ማውጣቷ እውነት ነው። ይሁንና የሚያቀርቡት ከተሞች እድሳቱ በተወሰነ ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያልቅ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ መያዣ ያስይዛሉ፣ ቤቶቹም በአብዛኛው ክዳናቸው የወደቀ ነው። በ28 ሺህ የሚሸጥ ክዳኑ የቆመ ቤት ይሻልዎታል።

ቤቱን ያዩት በነሐሴ ነው፤ በዚያ ወር በሲሲሊ እርጥብ ግድግዳ እንኳ ደረቅ ይመስላል፣ ከኦገስት 15 በዓል ግራና ቀኝ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን ማኅደር የሚከፍትልዎ ሰው አያገኙም። ሁለተኛውን ጉብኝት በጥር ወይም በየካቲት፣ ሁለትና ሦስት ቀን ከዘነበ በኋላ ያድርጉት። ባለሙያው ከእርስዎ ጋር ይግባ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ኮምጣጤ ይያዙ፤ ሻጩ ምድር ቤቱን ቀድሞ አናፍሶ እንዳይጠብቅዎም የሚመጡበትን ሰዓት በዋዜማው ብቻ ይንገሩት።